ሽማግሌ የሌለበት አገር

ክንፉ ለተቀደደው ልጅ ካሳ የከፈለ የለም። ነገሬን ከዚሁ ልጀምር፤ የልጅ ልጄም፣ ጓደኞቿም፣ መጽሐፉን የጻፈችው ሴትዮም ልጁን ረስተውታልና። እኔ አልረሳሁትም። በፌሪዎች ድግስ መሀል ልዑል ካርደን ሲያልፍ ጎንበስ ሳይል ቀረ፤ ልዑሉ እጁን ሰደድ አድርጎ ስስ ክንፉን ቀደደበት። ድግሱ ቀጠለ። ዋይ ያለ ወላጅ፣ ተው ያለ ጎረቤት፣ "አገር ይዳኘኝ" ያለ ዘመድ የለም። ክንፍ ቀዳጁ ደግሞ ሦስት ቅጽ ሙሉ አድጎ ተመንድጎ፣ መጽሐፍ የምታነብ ኮረዳ ሁሉ የምትመኘው ባል ሆኖ ቁጭ!

ታሪኩን ላላወቀ ባጭሩ ልናገር። ሆሊ ብላክ የምትባል አሜሪካዊት ደራሲ "ዘ ክሩዌል ፕሪንስ"ን እ.ኤ.አ. በ2018 አወጣች፤ የቀሩትን ሁለት ቅጾች በ2019 አከታትላ ጨረሰች። ጁድ የሰው ልጅ ናት። ሰባት ዓመቷ ሳለ ማዶክ የሚባል የፌሪዎች ጄኔራል ቤታቸው ሰተት ብሎ ገብቶ አባትና እናቷን ገደለ። እናቲቱ ቀድሞ የእሱ ሚስት ነበረች፤ የሞተች አስመስላ፣ ልጁን በሆዷ ይዛ፣ ኋላ የጁድ አባት ከሆነው አንጥረኛ ጋር ኮብልላለች። ማዶክ ገድሎ ቢሄድ ነገሩ ቀላል ነበር። የራሱን ልጅ ቪቪንም፣ የገደላቸውን ሰዎች መንታ ልጆች ጁድንና ታሪንንም ሰብስቦ ኤልፍሄም ወደሚባለው አገሩ ወሰዳቸው። አበላ፣ አለበሰ፣ ከመኳንንት ልጆች ጋር አስተማረ፣ ጁድን ሰይፍ አሠለጠናት። ካርደን እንግዲህ አብሯት የሚማር ልጅ ነው። ጭራ አለው።

"ጭራ?" አልኳት የልጅ ልጄን።

"ያምርበታል አባባ" አለችኝ።

ፌሪ ሲባል ደግሞ የልጅ ጥርስ ሰብስባ ሳንቲም የምትተው ባለክንፍ ትንሽዬ እንዳትመስላችሁ። እነዚህ ብረት የሚፈሩ፣ ፍሬያቸውን የቀመሰ ሰው አእምሮውን የሚስት፣ ጨው ካልያዙ አብረዋቸው ማዕድ የማይቀረብ ናቸው። ይህን ለመረዳት አልተቸገርኩም። እኛም አገር አራስ ብቻዋን ከደጅ አትወጣም፤ ከወጣችም ቢላዋ ወይም ሌላ ብረት ነገር ትይዛለች። ልዩነቱ እኛ እንዲህ ያለውን ፍጡር በብረት እናርቀው ነበር እንጂ አናገባውም።

እዚህ በምኖርበት በአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ መጽሐፍ የሚመረጠው በደራሲ አይደለም። የልጅ ልጄ እንዳስረዳችኝ "ኢነሚስ ቱ ላቨርስ" የሚባል ዘርፍ አለ፤ በጠላትነት ጀምረው በፍቅር የሚጨርሱ ሰዎች ታሪክ። "ሞራሊ ግሬይ" የሚባል የሰው ዓይነትም አለ፤ ደግ አይደለም፣ ክፉም አይደለም፣ ሁለቱን እያቀያየረ ይለብሳል። እሷ ይህን ስትነግረኝ አዲስ ዓለም የምታሳየኝ መስሏታል። እኔ ዕቁብ የበላንና ዕቁብ የተበላበትን፣ ድንበር የገፋንና የተገፋበትን፣ ባልን ከአማት ሳስታርቅ የሸበትኩ ሰው ነኝ። ደግ ብቻ የሆነ ባለጉዳይ ገጥሞኝ አያውቅም፤ ቢገጥመኝም እርቁ አይያዝም ነበር።

ጠላትን ማጋባትማ የኛ ሥራ ነበር! ሁለት ቤት ደም ተቃብቶ እንደሆነ ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቀርባል። ካህን መስቀል ይይዛል፤ ሽማግሌ መሀል ይገባል፤ ካሳው ይቆረጣል፤ መሐላ ይወርዳል። ነገሩ እንዳያገረሽ ከአንዱ ቤት ልጅ ለሌላው ቤት ይዳራል፤ የሚወለደው የሁለቱም ደም ነውና ማን ማንን ይገድላል? ይህን ሁሉ በኩራት አስረዳኋት። ልጅቱ ከመጽሐፏ ቀና ብላ "ልጅቷን ጠይቃችኋት ነበር?" አለችኝ።

ቡና እንዲፈላ አዘዝኩ።

ወደ ካርደን ልመለስ። መንታዎቹን ከነግብረ አበሮቹ ወንዝ ውስጥ አስገፍትሯል፤ ያውም ሰው የሚጎትቱ ፍጥረታት ያሉበት ወንዝ። ምግባቸው ላይ አፈር ረጭቷል። ሰው መሆናቸውን እንደ ነውር ቆጥሮ ሰድቧቸዋል። የልጅ ልጄ የተዘጋጀ መልስ አላት፤ ልጁ በልጅነቱ ተበድሏል። እናቱ አላሳደገችውም፣ አባቱ አላየውም፣ ታላቅ ወንድሙ ባሌኪን በአገልጋይ እጅ ያስገርፈዋል፤ ጁድ ተደብቃ አይታለች። ሲገረፍ ያየሁ ጊዜ እኔም ልቤ ራራ፣ አልዋሽም። ግን ስንቱ ተገርፎ አደገ? የኔታ አለንጋቸውን ሲያነሱ ጠጉራችን የሚቆም ስንት ነበርን? አንዳችንም ወጥተን የማንንም ክንፍ አልቀደድንም። በዚያ ላይ ማስረጃ ብላ የምታቀርብልኝ ነገር አለ፤ ጁድ አንድ ቀን በካርደን መጽሐፍ ውስጥ ወረቀት ታገኛለች፣ ስሟ ደግሞ ደጋግሞ፣ ቀለሙ እስኪረጭ ተጽፎበታል። "አየህ፣ ይወዳት ነበር!" ትለኛለች። እኔ ያየሁት የእጅ ጽሕፈት ልምምድ ነው።

ተማሪ ሳለሁ የጄን ኦስቲንን "ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ" አንብቤአለሁ፤ በ1813 የታተመ ነው፤ የዚህ ዘርፍ ቅድመ አያት። ዳርሲ የሚባለው ጌታ በጭፈራው ቤት ኤልሳቤጥን "አብሬያት ለመደነስ የምታበቃ ቆንጆ አይደለችም" ብሎ ጆሮዋ እየሰማ አዋርዷታል። ነውር ነው። ነገር ግን የማንንም ክንፍ አልቀደደም። ኋላም ታናሽ እህቷ ከአንድ ባለጌ መኮንን ጋር ስትጠፋ፣ ዳርሲ በድብቅ ሄዶ ገንዘብ ቆጥሮ፣ የባለጌውን ዕዳ ከፍሎ፣ ጋብቻው እንዲፈጸም አደረገ። ይህ ነው ካሳ! ጥፋቱን በአፉ ብቻ አይደለም፣ በኪሱም አምኗል። እኔ ሽማግሌ ሆኜ ብላክ እሱን አስታርቀው ነበር።

ልጅቱ ግን መልስ አታጣም። "ካርደን እኮ አንገቱ ተቆርጧል አባባ፣ ከዚህ በላይ ምን ይክፈል?" እውነት ነው፤ በሦስተኛው ቅጽ ዘውዱን ይሰብራል፣ እርግማን ይወድቅበታል፣ አገር የሚያህል እባብ ይሆናል። ጁድ ሰይፍ መዝዛ አንገቱን ትቆርጠዋለች፤ ልዑሉ ከሬሳው ውስጥ ደህና ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ ብሩታዊት ዛፍ ላይ ሆና ታያለች። እዚህ ብሩታዊት ራሷ ወርዳ ዘንዶውን ትገድልና፣ መልሳ ዘንዶውን ታገባለች። ክርክሬንም አልተውኩም፤ እባብ የሆነው ዘውድ በመስበሩ ነው፤ ለክንፉ ልጅ ስባሪ ሳንቲም አልደረሰም።

ስለ ጁድም ዝም አልልም። መርዝ እንዳይገድላት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መርዝ ትጠጣለች። ሊገድላት የመጣውን ቫለሪያንን ገድላ ቀብራዋለች። ለአንዱ ልዑል ሰላይ ሆና ሌላውን አስራለች። እኔን "የደም ግፊት ኪኒንህን ዋጥክ?" እያለች ስታስጨንቀኝ የምትውል ልጅ ለዚህች መርዝ ጠጪ ነው የምታጨበጭበው።

አሁን ደግሞ ሳልወድ የማመሰግነው ነገር አለ፤ የቃል ነገር። ፌሪዎች መዋሸት አይችሉም። ቃል ከሰጡ ታሰሩ። ጁድ ይህን አውቃ ካርደንን ለአንድ ዓመት ከአንድ ቀን እንዲታዘዛት ቃል አስገባችውና ሳይወድ በግድ ዘውድ አስደፋችው። መዋሸት የማይችል ሰው ግን እውነቱን አጣሞ ማቅረብ ይችላል፤ እዚህ ላይ መጽሐፉ የቅኔ ቤት ሆነብኝ። በሁለተኛው ቅጽ ካርደን ያገባትና ወዲያው ወደ ሰው አገር ያግዛታል፤ ዘውዱ ምሕረት እስኪያደርግላት ድረስ አትመለስም ይላል። ሰሙ ግዞት ነው። ወርቁስ? ንጉሥ አግብታ ንግሥት ሆናለች፤ ዘውዱ እሷም ናት፤ ራሷን በራሷ ምራ በማግሥቱ መመለስ ትችል ነበር! ጁድ ግን አልፈታችውም፤ ወራት በቁጭት አለቀሰች። በላ ልበልሃ የሚባለውን ሙግት እየሰማ ያደገ ሰው ቢኖር ኖሮ አዳራሹን ሳይለቅ "ንጉሥ ሆይ፣ ቃልዎ በሩን ከፍቶታል" ብሎ ያስረዳላት ነበር። እኔ ገጹን ሳልገልጥ ጮኼ ለጁድ ነገርኳት፤ የልጅ ልጄ "ስፖይለር!" ብላ ጆሮዋን ያዘች፤ እሷ ሦስት ጊዜ ያነበበችውን።

ጋብቻውስ? ሁለቱ ብቻቸውን በአንድ ክፍል ውስጥ ቃል ተለዋወጡ፤ አለቀ። እማኝ የለ፣ ሽማግሌ የለ፣ የተላከ የለ፣ "ልጃችንን ለልጃችሁ" ያለ የለ። በማግሥቱ ግዞት መጣ፤ ይኸው ነው ሽማግሌ ያልገባበት ጋብቻ ፍጻሜ! ይህን ስላት በሳቅ ወደቀች። "እህቷ ታሪን በድል ያለ ሰርግ ነው ያገባችው" አለች። ባሏን ሎክን ደግሞ በሦስተኛው ቅጽ ገደለችው። ይህ ክርክር ከመዝገቤ ይውጣ።

የሳራ ጄ. ማስንም "ኤ ኮርት ኦፍ ቶርንስ ኤንድ ሮዝስ" አይቼዋለሁ። በ2015 ሲወጣ ለወጣቶች ተብሎ ነበር የቀረበው፤ በኋላ የአዋቂ ሽፋን አለበሱት፤ ለምን እንደሆነ ካነበብኩት በኋላ ገብቶኛል፣ ለልጅቱም አልነገርኳትም። የመጀመሪያው ቅጽ ሙሽራ ታምሊን ነው። የመጽሐፉ ልጃገረድ ለእሱ ስትል ተራራ ሥር ገብታ ሞታ ተነሣች። ሁለተኛው ቅጽ ላይ ታምሊን ክፉ ሆኖ ተገኘ፣ ጠላት የመሰለው ራይሳንድ ደግሞ እውነተኛው ሙሽራ ነው ተባለ። ጥሎሹን ማን ይመልሳል?

የኛው "ፍቅር እስከ መቃብር" ላይ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ክፉ ቃል አልተለዋወጡም፤ ጠላቱ የአባትየው ኩራት ነበር። እሱም መጨረሻው አላማረም፤ ስሙ አስቀድሞ ተናግሯል።

እውነተኛ ቅሬታዬን ግን ገና አልነገርኳችሁም። ደግና ክፉ የተቀላቀለበት ሰው እንፈልጋለን ካሉ፣ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ እንደ ማዶክ ያለ ማን አለ? የገደላቸውን ሰዎች ልጆች እንደራሱ አሳድጎ፣ ከልቡ ወዶ፣ ያስተማራትን ሰይፍ መልሶ እሷኑ የወጋበት! ጁድ ትጠላዋለች፣ ታከብረዋለች፣ ጦር ስትመራ የምታስበው በእሱ ራስ ነው። ወላጇን የገደለ አባቷ ነው፤ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ይዞ የመጣ ባለጉዳይ ቢኖር ሦስት ቀን አልተኛም ነበር። ነገር ግን ማዶክ ጎልማሳ ነው፣ ቆዳው አረንጓዴ ነው፣ ጥርሱ ያስፈራል፣ ቆቡን በገደለው ሰው ደም ያቀልማል። ስለዚህ ሥዕሉን ግድግዳዋ ላይ የሰቀለች ልጅ የለችም። የካርደን ግን የልጅ ልጄ አልጋ ራስጌ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ትንሽ ዝቅ ብሎ አለ። ክፋት ይቅር የሚባለው ጉንጩ ያማረ ሲሆን ብቻ ነው ማለት ነው።

መጨረሻው ላይ ማዶክ ጦርነቱን ተሸነፈ፤ ጁድ አልገደለችውም፤ ወደ ሰው አገር አስወጣችው። አሁን የሚኖረው አሜሪካ ነው፣ አፓርታማ ውስጥ፣ ከቤተሰቡ ጋር። ይህን ያነበብኩ ዕለት መጽሐፉን አጥፌ ቁጭ አልኩ። ጄኔራል ነበሩ፣ ሠራዊት አዘዋል፣ መንግሥት ሊገለብጡ ሞክረው አልተሳካላቸውም፣ አሁን ስደት ላይ ናቸው። አንቱ ልበላቸው እንጂ! እንዲህ ያለ ሰው ስንቱን አውቃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ቡና የምንጠጣበት ቤት ጥግ ላይ አንድ ጠረጴዛ አለን፤ አንዱ ኮሎኔል ነበር፣ አንዱ አውራጃ ገዝቷል፣ ሦስተኛው ምን እንደነበር አይናገርም። ሁሉም ተራ በተራ የየራሳቸው ጦርነት መሸነፍ እንዳልነበረበት ያስረዳሉ። ጄኔራል ማዶክ ቢመጡ ወንበር አናጣም፤ ስለ ኤልፍሄም ዘመቻ ይንገሩን፣ ማን እንደከዳቸው እንስማ፣ እኛም የኛን እንነግራቸዋለን። ቆቡን ብቻ በር ላይ ያስቀምጡ። የክንፉን ልጅ ጉዳይ ደግሞ፣ የአገሩን ሰው ስለሚያውቁት፣ እሳቸው ይዘውት ይቀርባሉ፤ ሁለተኛው ሽማግሌ እኔ ነኝ፣ ሦስተኛ እንፈልጋለን።