ችግሩ ጎማ ላይ ነው

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ውስጥ አንዲት ቮልስ አለች። ባለቤቷ ሀጂ ቅርስነቷን ሊነግሩን ሲፈልጉ «የ57 ናት» ይላሉ፤ ገና ጉልበት እንዳላት ሊነግሩን ሲፈልጉ ደግሞ «የ65 ናት»። አይዋሹም፤ አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

የገዟት ቡና ዋጋ ባወጣ ዓመት፣ የጎማ፣ የጌራና የሊሙ ጀንፈል በእጃቸው ያልፍ በነበረበት ዘመን ነው። ንግዱን ለልጆቻቸው ከለቀቁ በኋላ ሥራ ፈቱ። ሥራ የፈታ ነጋዴና የቆመ መኪና አንድ ግቢ ውስጥ ከተገናኙ ደግሞ የሚሆነው ይታወቃል። «ስፖርት መኪና አደርጋታለሁ» አሉ።

ሳቅን። እሳቸው ግን ማስረጃ ነበራቸው። ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው፤ በ1948 እ.ኤ.አ. ብቅ ያለችው የመጀመሪያዋ ፖርሽ ስፖርት መኪናም በቮልስ ዕቃ ነው የተሠራችው። «ታዲያ የእኔይቱ ምን ይጎድላታል? ደግሞስ መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ማን ናት? ሮልስ ሮይሱ ሁሉ ቆሞ እያየ፣ ቮልስ!» ክርክሩ እዚህ ላይ አበቃ። በአገራችን ቮልስ ያለው ሰው ሁሉ መኪናው የዚያችኛዋ እህት ናት፤ ይህን መካድ ዘመድን እንደ መካድ ነው።

ጥገናው ከዳሽቦርዱ ተጀመረ። ሞተሩ ያንኳኳል፣ ዘይትም ያንጠባጥባል፤ ግን ከኋላ ነውና አይታይም። ዳሽቦርዱ ፊት ለፊት ነው። ቤቱ ያረጀበት ሰው መጀመሪያ የሚያስቀባው ሳሎኑን አይደል? ጣሪያው የሚያፈሰው ጓዳ ላይ ቢሆንም እንግዳ ጓዳ አይገባም።

የቮልስ ዳሽቦርድ ደግሞ ይህን ያህል የሚፈታ ነገር የለውም። ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ፣ አንድ ክብ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ፣ አጠገቡ አንዲት የነዳጅ ጌጅ፤ አለቀ። የሙቀት ጌጅ የላትም፤ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በነፋስ እንጂ በውኃ አይደለም። ከ1961 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩት እንዲያውም የነዳጅ ጌጅም አልነበራቸውም፤ ቤንዚን ሲያልቅ ሾፌሩ በእግሩ አንዲት ቧንቧ ከፍቶ በመጠባበቂያው ይነዳል። የፊት መስታወቱን የሚያጥበውን ውኃ የሚገፋው የትርፍ ጎማው አየር ነው። መስታወት ባጠቡ ቁጥር ትርፍ ጎማዎ ይከሳል ማለት ነው። ይህን የፈጠረው ጀርመናዊ ቆጣቢነቱ የቡና ነጋዴ ያስመስለዋል።

ሀጂ ግን ቆርቆሮው አልጣማቸውም። «ስፖርት መኪና ዳሽቦርዱ እንጨት ነው» አሉ። ሐሳቡ የመጣላቸው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጅማ ላይ ከሰዓት በኋላ የመጣ ሐሳብ በማግሥቱ ጠዋት እንደገና መታየት አለበት፤ በምርቃና የታቀደ ቤት ሁሉ ቢሠራ ኖሮ ከተማችን እስከ ጊቤ በረሃ በደረሰች። የሀጂው ግን ሳይታይ ወደ ሥራ ገባ። ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ከሚጠርቡት አንዱ ተጠራ። በስንዝር ለካ፣ ከዋንዛ ጠረበ፣ ለቆጣሪውም ክብ ቀዳዳ አወጣ። የሚያምር ነበር፤ ሦስት እግር ብቻ ነው የጎደለው።

ዋንዛው ግን በደንብ አልደረቀም ነበር። ክረምቱ ገባ፤ የጅማን ክረምት ለሚያውቅ የቀረውን መናገር አያስፈልግም። እንጨቱ አበጠና የዕቃ ማስቀመጫዋን በር ቆልፎ ያዘ። ሊብሬው ውስጥ ነበር። ትራፊክ ፖሊስ ባስቆማቸው ቁጥር ሀጂ «ሊብሬው አለ፤ ግን በጋ ይጠብቁ» ማለት ጀመሩ።

አማካሪም አልጠፋም። መኪና ከተፈታ፣ ጀበናም ከተጣደ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ መካኒክ ነው። አንዱ የባጃጅ ሾፌር የቆጣሪውን መብራት ሊያደምቅ የራሱን አምፖል ሰጠ። የባጃጁ አምፖል ባለ 12 ቮልት ነው፤ የቮልሷ ባትሪ ግን 6 ቮልት። መብራቱ የኩራዝ ያህል እንኳ አልበራም። «ለዓይን ይስማማል» ተባለ። ሁሉ ነገር ቦታው ከተመለሰ በኋላ ሰባት ቡሎን ተረፈ። ካቻቪቴውን የያዝኩት እኔ ነኝና ሁሉም እኔን አዩኝ። ሥራውን የያዘው መካኒክ ከእፍረት አዳነኝ፦ «ፋብሪካው ለጥንቃቄ ብሎ ያበዛው ነው።»

ዋናው ችግር ግን የቆጣሪው ቀስት አልነቃነቅ ማለቷ ነው። አዲስ አበባ ከሱማሌ ተራ ሌላ ቆጣሪ ተፈልጎ 350 ኪሎ ሜትር ተጉዞ መጣ። ተገጠመ፤ ቀስቷ ዜሮ ላይ ተኛች። ሦስተኛ መጣ፤ እሱም ተኛ። በዚህ መሀል የእህታቸው ልጅ ከአዲስ አበባ በቻይና በተሠራ ኤሌክትሪክ ቮልስዋገን መጣ። ዳሽቦርዱ ላይ ከመስታወት በቀር ምንም የለም። ሀጂ በጣታቸው ነካ አድርገው «ይሄ ሲበላሽ መርፌ ወግቶ የሚያክመው ሐኪም ነው ወይስ ቴሌቪዥን ጠጋኝ?» አሉ።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ለሚኖሩ አንድ አረጋዊ መካኒክ ተደወለ። ሰውየው ሰምተው ሰምተው «ሀጂ፣ ችግሩ ጎማ ላይ ነው» ብለው ዘጉ።

ሀጂ በማግሥቱ ጎማ ወርደው፣ አጋሮ ገቡ። በምን እንደምፈርድባቸው አላውቅም፤ የጎማን ቡና ዕድሜ ልኩን ለሸጠ ሰው ጎማ ማለት ወረዳ ነው። ሁለት ቀን የድሮ ወዳጅ ቤት እየዞሩ የቮልስ ዕቃ ሲጠይቁ ሰንብተው ግማሽ ፈረሱላ ቡና ይዘው ተመለሱ።

እንደገና ሲደወል ነገሩ ተገለጠ። የቮልስ ቆጣሪ የሚዞረው በግራው የፊት ጎማ ነው። ከቆጣሪው ጀርባ የሚነሳው ገመድ ጎማው መሀል ድረስ ይዘልቅና ጫፉ በአንዲት ትንሽ ፒን ይያዛል። ፒኗ ከወደቀች ጎማው ይዞራል፣ ገመዱ ይቆማል። አየናት፤ የለችም። ስድስት ወር ሙሉ ዳሽቦርድ ስንፈታና ስንገጥም ጉድለቱ ከጉልበታችን በታች ነበር።

ፒኗ ገባችና ወደ ሂርማታ ነዱ፤ እኔም ጋቢና ገባሁ። ቀስቷ ተነሳች። 20፣ 25፣ 30... እዚያው ቆመች። ባጃጅ ቀደመን። ቀጥሎ ጋሪ ሊቀድመን ሲል ሀጂ ክላክስ አሰሙ። ያ ሁሉ ዓመት «አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ነው፤ እኔ በግማሽ ሰዓት ነው የምገባው» ሲሉን ኖረዋል፤ ቀስቷ ተኝታ ስለነበር ማን ያስተባብላል? ስንመለስ አንድ ቃል አልወጣቸውም።

በሳምንቱ ለቡና ጠሩኝ። ስገባ በቮልሷ መስኮት አጮለቅሁ፤ ቀስቷ ዜሮ ላይ ተጋድማለች።

«ሀጂ፣ ቆጣሪው ደግሞ ሞተ?»

«የፈረንጅ ዕቃ፣ ልጄ፣ አይታመንም» አሉና ሲኒያቸውን አነሱ።

ረከቦቱ ጥግ፣ ከስኳሩ አጠገብ፣ ጥፍር የምታህል ፒን ተቀምጣለች። ሁለታችንም አየናት። በረካውን ጠጥቼ፣ መርቄ ወጣሁ።