ከኬኩ አጠገብ፦ የሰርግ ዲዘርት አመራረጥ በፉሪ

የሰርግ ዲዘርት ከኬኩ ግራና ቀኝ በሚዘረጋ ጠረጴዛ ላይ የሚደረደር ጣፋጭ ነው። በመጀመሪያ በቪዲዮ ይቀረጻል፤ ቀጥሎ ሕፃናት ይዘምቱበታል፤ በመጨረሻም በሶፍት ተጠቅልሎ ቦርሳ ይገባል። እዚያው በቦታው ሲበላም አልፎ አልፎ ይታያል።

ከምግብ በኋላ ጣፋጭ ማቅረብ በአገሩ የድግስ ሥርዓት የቆየ ልማድ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ግብር ላይ እንግዳው እንደ ማዕረጉ በዙር እየገባ፣ ብርንዶውን በጠጅ አወራርዶ ይወጣ ነበር። ጣፋጩ ይጠጣል እንጂ አይቆረስም። በአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚ በሆነችው አገር አብዛኛው ማር ዛሬም የሚያልቀው ጠጅ ሆኖ ነው። የሚታኘክ ጣፋጭ በድግስ ላይ ቦታ ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን የመጣው የኬክ ቤት ልማድ ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ ሰፈር ሲወርድ፣ ወንጂም በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ከጀመረ በኋላ ነው። ፉሪ የደረሰው ደግሞ ከኮንዶሚኒየሙና ከአዳዲሶቹ ቪላዎች ጋር ነው። ቀድሞ በሰበታ ዙሪያ ትቆጠር የነበረችው ፉሪ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሸገር ከተማ አንድ ክፍለ ከተማ ናት። የክፍለ ከተማነት ማዕረግ በዲዘርቱ ዓይነት ብዛት ላይ ያመጣው ለውጥ ገና አልተለካም።

ኬኩ ከዲዘርቱ የሚለየው በቁመቱ ነው። በኪሎ ይታዘዛል፣ በደርብ ይቆጠራል፤ ኪሎውና ደርቡ ግን የግድ አይገናኙም። ከባለ አምስት ደርብ ኬክ ውስጥ የላይኞቹ ሦስቱ ክሬም የተቀባ ፎም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቢላዋው የት ማረፍ እንዳለበት ሙሽሮቹ አስቀድሞ ይነገራቸዋል። ይህን እንደ ማጭበርበር የሚያዩ አሉ፤ ታሪክ ግን አይደግፋቸውም። በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ደርቡ ሁሉ የሚበላ የሰርግ ኬክ የቀረበው በ1882 እ.ኤ.አ. በልዑል ሊዮፖልድ ሰርግ እንደሆነ ይነገራል፤ ከዚያ በፊት የላይኞቹ ደርቦች ለዓይን የቆሙ የስኳር ቅርጾች ነበሩ። ፉሪ ወደ ጥንቱ ንጉሣዊ ትውፊት ተመልሳለች ማለት ነው።

መልክዓ ምድሩም በጉዳዩ እጁ አለበት። አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ይላል፤ የፉሪ ተራራ ራሱ ከ2,800 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ የሊጡ እርጥበት ቶሎ ይተናል፣ ከቤኪንግ ፓውደሩ የሚወጣው ጋዝም ከልኩ በላይ ይነፋል። ለቆላ አገር የተጻፈን አሠራር ይዞ፣ ቤኪንግ ፓውደሩን ሳይቀንስ የጋገረ ሰው የሚያወጣው መሃሉ የሰመጠ ደረቅ ኬክ ነው። ስለዚህ ኬኩን ቀምሶ «ደረቀ» የሚል እንግዳ የሚያማው ጋጋሪውን ብቻ አይደለም፤ ተራራውንም ነው። ከኬኩ አጠገብ ሌላ ነገር እንዲቀመጥ ካስገደዱት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ድርቀት ነው።

ምርጫው የሚካሄደው በቤተሰብ ጉባኤ ነው። ሙሽራዋ ከቲክቶክ ያገኘችውን ፎቶ ታቀርባለች፤ እህቶቿ ያጸድቃሉ። እናት «ሰው ሥጋውን ጠግቦ ይውጣ እንጂ በከረሜላ ማን ጠገበ?» ይላሉ፤ ንግግራቸው በአክብሮት ይደመጥና ይታለፋል። ሙሽራው ዋጋውን ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ምንም አይጠይቅም። ወሳኙን ጥያቄ የምታነሣው አክስት ናት፤ «የእነዚያኞቹ ሰርግ ላይ ስንት ዓይነት ነበር?» የዲዘርቱ ብዛት የሚወሰነው በእንግዳው ቁጥር ወይም በበጀቱ ሳይሆን፣ በሰፈሩ በመጨረሻ በተደገሰው ሰርግ ላይ በነበረው ላይ አንድ ተደምሮ ነው። የቀመሩ ጠባይ ግልጽ ነው፤ የሚወጣ እንጂ የሚወርድ አይደለም።

የሰርግ ወራቱ የታወቀ ነው። ኦርቶዶክሱ በዐቢይ ጾም ስለማይዳር፣ ከጥምቀት ማግስት እስከ ጾሙ መያዣ ያሉት ቅዳሜና እሑዶች ይጣበባሉ፤ የተረፈው ከፋሲካ በኋላ ይጠብቃል። ጥር ደግሞ ከተራራው ሥር ማታ ማታ ብርድ አለው። ለቸኮሌት ፋውንቴን ይህ መልካም ዜና አይደለም። የኮኮዋ ቅቤ የሚቀልጠው በ34 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በጥር ምሽት በድንኳን ውስጥ ያን ያህል ሙቀት ያለው ከቁርጥ ቤቱ ወረፋ መሃል ብቻ ነው። መብራት በሄደ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ፏፏቴው ሐውልት ይሆናል። ጄሎም የራሱ ችግር አለው። ጄላቲኑ ከበሬ ይሁን ከአሳማ በዓይን አይለይም፤ ስለዚህ በዚህች አንዲት ሳህን ፊት ሙስሊሙና ኦርቶዶክሱ እንግዳ ያለ አንዳች ክርክር ይስማማሉ፤ ሁለቱም አይነኩትም።

የጴንጤ ሰርግ ላይ ጠጅ ስለሌለ ለስላሳው ይበረታል፤ ሒሳቡም ይለወጣል። 100 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 10 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ ባለ 300ው ጠርሙስ 30 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም ገደማ የበለጠ የተጨመረ ስኳር አይመክርም። ሦስተኛውን ጠርሙስ የጨረሰ እንግዳ ወደ ዲዘርቱ የሚሄደው የ40 ግራም ዕዳ ይዞ ነው። እሱ ግን ይሄዳል።

ይሄዳል፤ የሚሄደው ግን ለመብላት አይደለም፤ የአመራረጡ ዋና ጉዳይም እዚህ ላይ ነው። ክትፎውን፣ ዶሮውንና ቁርጡን ያሳለፈ ሰው ለጣፋጭ የተረፈው ቦታ ሆዱ ውስጥ ሳይሆን ቦርሳው ውስጥ ነው። «ለልጆች» የሚለው ቃል ሲነገር ሁሉም በር ይከፈታል፤ የልጆቹን ቁጥር የጠየቀ አስተናጋጅ አይታወቅም። «ስኳር አለብኝ» ያሉ አዛውንትም ድርሻቸውን አይተዉም፤ ይጠቀልሉታል። የምክር ቤቱ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን ከከለከለ ወዲህ ሸክሙ በሙሉ በሶፍት ላይ ወድቋል። እንግዲህ ማንኛውም ዲዘርት መመዘን ያለበት በጣዕሙ ሳይሆን፣ በሶፍት ተጠቅልሎ፣ ከቁልፍና ከሞባይል ጋር ተቆልፎ፣ ከፉሪ በጀሞ ወይም በለቡ በኩል በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተደርቦ ሲጓዝ በሚያሳየው ጽናት ነው።

በዚህ መመዘኛ ክሬም ካራሜል ገና ከጅምሩ ይወድቃል፤ ደፍሮ የጠቀለለው ሰው ቦርሳውን ማጠብ አለበት። ካፕ ኬክ ያታልላል። ታቹ ጠንካራ ነው፣ ክሬሙ ግን ከሶፍቱ ጋር ተጣብቆ ይቀርና ልጁ የሚደርሰው ራሰ በራ ቂጣ ነው። ሚሊፎሊ ሲነሣ ንብርብር፣ ሲደርስ ዱቄት ነው። ባቅላቫ ቅርጹን ይጠብቃል፤ ሽሮፑ ግን ሶፍቱን አልፎ የቦርሳውን ሽፋን ይደርሳል፤ የመታወቂያ ወረቀት ላይም ሊያርፍ ይችላል። በስቴኪኒ የተሰካ ፍራፍሬ አደገኛ ነው፤ በቦርሳ ውስጥ ዕቃ ለመፈለግ እጅ የሰደደ ሁሉ ያውቀዋል። ኩኪስና ዶናት ጥሩ ማለፊያ ነጥብ ያገኛሉ። ሙዝ ከነልጣጩ ቢቀርብ ሁሉንም ይበልጥ ነበር፤ ነገር ግን ዲኮር ሠሪዋ ለፎቶ እንዲያምር ልጣው ትቆራርጠዋለች፣ በዚያው ቅጽበት ብቸኛ ብልጫውን ያጣል።

ፈተናውን ሙሉ በሙሉ የሚያልፈው ዲዘርት ተብሎ የማይጠራው ጩኮ ነው። የተቆላ ገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ ታሽቶ የሚሠራ የኦሮሞ ምግብ ነው፤ ለሰርግ ይዘጋጃል፣ ለመንገደኛ ስንቅ ይሆናል፣ ሳይበላሽ ብዙ ቀን ይቆያል። ክሬም የለውም፣ አይፈስም፣ መብራት አይፈልግም፣ የከፍታውም ነገር አያሳስበውም። በርካታ የፉሪ ሰርጎች ላይ ግን የሚቀመጠው ከቡናው፣ ከቄጠማውና ከፈንዲሻው ጋር በባህል ጥግ ነው። እዚያም እንግዳው የሚነሣው ከጎኑ ቆሞ ፎቶ ለመነሣት ነው፤ ሲያበቃ ወደ ካፕ ኬኩ ይመለሳል። ጩኮ ወደ ዋናው ጠረጴዛ ይዛወር የሚል ሐሳብ በጉባኤው ላይ ቢነሣ ሙሽራዋ «ከከለሩ ጋር አይሄድም» ትላለች፤ ይህ መልስ ይግባኝ የለውም።

ስለ ሕፃናት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ጠረጴዛውን የሚያገኙት ከሙሽሮቹ መግባት በፊት ነው፤ ዝቅተኛውን ረድፍ ይጨርሳሉ። ልምድ ያለው ዲኮር ሠሪ ስለዚህ ርካሹን ከረሜላ ታች፣ ውዱን ላይ ታደርጋለች፤ ላይ ያለው ደግሞ ለአክስቶች ቁመት ይመቻል።

ከድግሱ በኋላ ሦስት ዓይነት ቅሪት ይገኛል። ደኅና የቆየው ለመልስ ይቀመጣል፤ በማግስቱ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ሌላ ቪዲዮ ይቀረጽበታል። የተቦጫጨቀው ሲያጥቡና ሲያቀርቡ ለዋሉት ሴቶች ይከፋፈላል። ጄሎው እንደ ቀረበ ይቀራል። የመስተዋት ሳህኖቹና የደረጃ ትሪዎቹ ግን የአከራዩ ናቸው፤ ማስያዣ ተከፍሎባቸዋል፣ ሲመለሱም ይቆጠራሉ። አንድ ትሪ ከጎደለ ፍለጋው የሚጀመረው ትልልቅ ቦርሳ ይዘው ከመጡት አክስቶች ነው።