ጥቆማችሁ ደርሶናል

ለካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት
ስቶክሆልም

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ይህ የምስጋና ደብዳቤ ነው። የሕክምናውን የኖቤል ሽልማት ለማን እንደሚሰጥ የሚወስኑት 50 ፕሮፌሰሮች ከእናንተ ቤት ናቸው። የዓለምን ሳይንስ የሚመዝን ቤት የገዛ ጓዳውን እንዴት እንደሚመዝን ማየት ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። በየዩኒቨርሲቲያችን ኮሚቴ ማቋቋሙን እናውቅበታለን፤ ጥቆማ ሲመጣ ነው ግራ የሚገባን።

በ2010 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ፓውሎ ማኪያሪኒ የተባሉትን ስመ ጥር ቀዶ ሐኪም አስመጣችሁ። በሰኔ 2011 አይስላንድ ይማር ለነበረ ኤርትራዊ፣ በራሱ ስቴም ሴል የተለበጠ ሰው ሠራሽ የመተንፈሻ ቧንቧ ተተከለለት። በወራት ውስጥ ላንሴት መጽሔት ውጤቱ ያማረ መሆኑን ለዓለም አበሰረ። ሰውየው በጥር 2014 ሞተ። እዚያው ስቶክሆልም ቧንቧው የተተከለላቸው ሌሎች ሁለት ሰዎችም ዛሬ በሕይወት የሉም።

አራት ሐኪሞቻችሁ ግን አንድ ነገር አስተዋሉ። ሕመምተኞቹን የሚያክሙት እነሱ ስለነበሩ ካርዱን ያውቁታል፤ ጽሑፉንም አንብበዋል፣ አንዳንዶቹማ ስማቸው ሰፍሮበታል። ካርዱ ሌላ፣ ጽሑፉ ሌላ። የምርምር ማጭበርበርን ለማወቅ ረቂቅ ጥበብ ያስፈልጋል ብለን ስንፈራ ለኖርነው፣ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ እንደሚበቃ አሳዩን። በ2014 ማስረጃቸውን አደራጅተው አመለከቱ።

የእናንተ ጥበብ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እኛ ብንሆን ጽሑፉን እንመረምር ነበር። የሚሠሩበት ሆስፒታል ግን ሐኪሞቹን «የሕመምተኛ ካርድ ያለ ፈቃድ ከፍታችኋል» ብሎ ለፖሊስ አመለከተ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው። እርግጥ ሆስፒታሉና ኢንስቲትዩቱ ሁለት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ናችሁ፤ ይገባኛል። አንዱ ቢሮ ሲኬድ «የሚመለከተው ያኛውን ነው» መባል ለእኛም አዲስ አይደለም፤ በዚህስ እኛው እናስተምራችሁ ነበር።

ከዚያ ከኡፕሳላ ቤንት ጌርዲን የተባሉ ጡረተኛ ፕሮፌሰር ከውጭ ገለልተኛ መርማሪ ሆነው ተሾሙ። እሳቸውም ካርዱን ከጽሑፉ ጋር አመሳከሩና በግንቦት 2015 «ጥፋት አለ» አሉ። በነሐሴ ሬክተራችሁ አንደርስ ሃምስተን «የለም» ብለው ወሰኑ። ገለልተኛ መርማሪ መሾም ማንም ይችላል፤ የገለልተኛውን መርማሪ ቃል ተቀብሎ፣ አመስግኖ፣ ተቃራኒውን መፈረም ግን የበሰለ አስተዳደር ይጠይቃል። ላንሴትም ወዲያው በርዕሰ አንቀጹ ሰውየው ነጻ መሆናቸውን አወጀ። ማኅተም በማኅተም ላይ።

ታዲያ ምን ለወጠው? ቴሌቪዥን። በጥር 2016 የስዊድን ቴሌቪዥን ባለ ሦስት ክፍል ዘጋቢ ፊልም አሳየ። በየካቲት ሬክተሩ ለቀቁ፤ በመጋቢት ቀዶ ሐኪሙ ተባረሩ። አራት ሐኪሞች ከነማስረጃቸው፣ አንድ ፕሮፌሰር ከነሪፖርታቸው ሁለት ዓመት ገደማ ያልገፉትን በር ካሜራ በሳምንታት ከፈተው። የእኛ ተመራማሪዎች ጥቆማ ሲያቀርቡ ከማስረጃው ጋር የካሜራ ባለሙያ እንዲያያይዙ እንመክራለን።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን የ2018ቱን ውሳኔ ነው። አዲስ ሬክተር ስድስት ጽሑፎችን መረመሩና ሰባት ተመራማሪዎችን ጥፋተኛ አሉ። ከሰባቱ አንዱ ከአራቱ ጠቋሚዎች አንዱ ነው፤ ስሙ ጽሑፉ ላይ ስለነበረ። ሳላሽሟጥጥ ልናገር፦ ስሙን ያሰፈረ ኃላፊነት አለበት የሚለው ሕግ ትክክል ነው፤ ስም በውለታ የሚታደልበት ልማድ የማጭበርበሩ ግማሽ ሥር ነው። ግን ዛሬ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ የሆነች ልጅ ይህን ውሳኔ እንዴት ታነበዋለች? ስሟ ካለበት ጽሑፍ ላይ የተፈጠረ ቁጥር ብታገኝ፣ መናገር ማለት በራሷ ላይ መመስከር ነው፤ ዝም ካለች ደግሞ ትመረቃለች። ከውስጥ ሆኖ ማጭበርበሩን ማየት የሚችለው ስሙ ያለበት ሰው መሆኑን ለአፍታ ረስታችሁት ይሆን? ያንኑ ዓመት ላንሴትም ከእነዚህ ጽሑፎች እሱ ያወጣቸውን ሰረዘ፤ ለመሰረዝ ሰባት ዓመት ገደማ መፍጀቱ የጥንቃቄው ምልክት ነው።

መንግሥታችሁ ግን አልገባውም መሰለኝ። ከ2020 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ጥፋት የመመርመር ሥልጣን ከዩኒቨርሲቲዎች ወስዶ ለብሔራዊ ቦርድ ሰጠ። ይባስ ብሎ በ2023 የስቬያ ይግባኝ ፍርድ ቤት በሦስቱ ሕመምተኞች ላይ ለደረሰው ጉዳት ቀዶ ሐኪሙን በሁለት ዓመት ከስድስት ወር እስራት ቀጣ። እናንተ «ጥፋት የለም» ያላችሁለትን ሰው ዳኞቹ ወንጀለኛ አሉት።

ስለዚህ ሥልጣኑ ከመወሰዱ በፊት ስትሠሩበት የነበረው የጥቆማ አቀባበል መመሪያ፣ አሁን ለእናንተ ስለማያገለግል፣ በትብብር መልክ እንዲላክልን እንጠይቃለን። የመላኪያውን ወጪ እኛ እንሸፍናለን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለላንሴት መጽሔት (በሰባት ዓመት ውስጥ ቢደርሰው በቂ ነው)
ለአራቱ ሐኪሞች (ለመረጃ ያህል፤ መልስ ከጻፉ ግን አስቀድመው ጠበቃ ያማክሩ)
ለፖሊስ (የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ የማንን ካርድ እንደከፈተ እንዲጣራ)