ስንት ይሞላ ብላችሁ አትጠይቁኝ

ፈረስ ጎማ የለውም። ዘመን አልፎብሃል የምትሉኝ ሁሉ መጀመሪያ ይህን አስቡበት። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ያ ሁሉ ፈረስ ሲጋልብ፣ አንድ ሰው ከኮርቻው ወርዶ «ስንት ባር ነው?» ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ልጄ መኪና ገዛና በዚህ ዕድሜዬ የሒሳብ ተማሪ አደረገኝ። ጎሚስታ ቤት ስንደርስ ጎረምሳው «አባባ፣ ስንት ይሞላ?» ይለኛል። ልጄ «32» ይላል። ሌላው ጎረምሳ ከጎማ ሥር ቀና ብሎ «ኧረ 2.2 ነው» ይላል። ይኸው ጭቅጭቅ! የአንዱ ፒኤስአይ ነው፣ የሌላው ባር። አንድ ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ልክ ናቸው። ይህን ብዬ ሳስታርቃቸው የመኪናው መጽሐፍ ደግሞ «220 ኪሎ ፓስካል» ብሎ ሌላ ጠብ ይጭራል።

የእኛ ሰባት ቤት አገው ከሰባት ወንድማማቾች ወረደ ይባላል። እነዚህ መለኪያዎችም የአንድ አባት ልጆች ናቸው፤ የሚናገሩት ሁሉ «እዚህች ቦታ ላይ ምን ያህል ኃይል ተጫነ» የምትለዋን ብቻ ነው። የእኛ ወንድማማቾች ግን ቢያንስ ስማቸውን አይደብቁም ነበር።

ጤና ጣቢያ ስሄድ ደግሞ ሌላኛው ወንድም ይጠብቀኛል። ነርሷ ክንዴን ጠፍራ «አባቴ፣ 150 በ90 ነው፤ ጨው ይቀንሱ» አለችኝ። በምን ተለክቶ? በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ። በዚህ ልኬት እኮ የልጄ ጎማ ከ1,650 በላይ ነው፤ ጨው ቀንስ ያለው ግን የለም! ቤቴ ገብቼ አሰላሁት። 750 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አንድ ባር ከሆነ፣ የእኔ 150 እንዲያው 0.2 ባር ነው። «ስሚ እንጂ፣ ዜሮ ነጥብ ሁለት ነው፤ ጨዉን መልሺው» አልኳት ባለቤቴን። «እንግዲያው ጨዉን በኩንታል ልመዝንልህ፤ ስንት ዜሮ እንደሚኖረው ራስህ አስላው» ብላ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ኪሷ ከተተች። እውነቷን ነው፤ ቁጥሩ ስላነሰ የደም ሥሬ አላረፈም።

ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። ያንገበገበኝ ሌላ ነው።

ሴቷ ልጄ ከዱባይ ፕሬዠር ድስት ላከችልን። ታቹ ላይ «80 ኪሎ ፓስካል» ይላል፤ ወረቀቱም ቦሎቄው በስንት ደቂቃ እንደሚበስል ይናገራል። በተባለው ደቂቃ ከፈትነው፤ ቦሎቄው ጥርስ ይሰብራል። ነገሩ እንዲህ ነው። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ የእኛ አየር የሚጫነው ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ስለዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃችን 92 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል። ድስቱም 80ውን የሚደርበው ባገኘው አየር ላይ ነው፤ በባሕር ወለል ላይ ሲሆን 117 ዲግሪ ይደርሳል፣ እኛ ዘንድ ግን 112 ገደማ ላይ ይቀራል። ወረቀቱ የተጻፈው ለዱባይ እንጂ ለእንጅባራ ቦሎቄ አይደለም።

ዳንግላ ያለው የእህቴ ባል ደግሞ ለጓሮ ጉድጓዱ ሞተር ፓምፕ ገዛ። «8 ሜትር ይስባል» ይላል ጽሑፉ። የጉድጓዱ ውሃ በበጋ 7 ሜትር ላይ ነው፤ ፓምፑ ያጓራል፣ ቤንዚን ይጠጣል፣ ጠብታ አያወጣም። ነጋዴው «አያ፣ አጠቃቀሙን ስላላወቁበት ነው» አለው። ውሸት! ፓምፕ እኮ ውሃ አይስብም፤ ቧንቧው ውስጥ ያለውን አየር ያወጣና ውሃውን የውጪው አየር ገፍቶ ያመጣለታል። የባሕር ወለል አየር ቢበዛ 10.3 ሜትር ይገፋል፤ ከ2,100 ሜትር በላይ ያለው የዳንግላ አየር ግን 8 ሜትር ገደማ። ስለዚህ ከተጻፈው ላይ ሁለት ሜትር ከምናምን ቀንሱ፤ ስድስትም አይሞላ። ሞተሩን ወደ ጉድጓዱ ላውርደው የሚል ካለ ደግሞ ይተው፤ ጭሱ ሰው ይገድላል። ውሃ ውስጥ ገብቶ ከታች ወደ ላይ የሚገፋውን የኤሌክትሪክ ፓምፕ ይግዛ።

ከፍ ሲሉ አየር መሳሳቱ ደግሞ አዲስ ዕውቀት አይደለም። ፓስካል የተባለው ፈረንሳዊ በ1648 እ.ኤ.አ. የእህቱን ባል ሜርኩሪ አሸክሞ ተራራ አስወጣው፤ እሱ ራሱ ፓሪስ ቁጭ ብሎ! ከፍ ሲሉ ሜርኩሪው ዝቅ አለ። ጀምስ ብሩስም በ1763 ዓ.ም. እዚህ ጎረቤታችን ግሽ ዓባይ መጥቶ፣ ጅዳ ላይ ከእንግሊዝ መርከቦች ያገኘውን ሜርኩሪ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ሞላና ለካ። 22 ኢንች ሆነበት። አየር ገብቶበት ይሆናል ብሎ አሳደረው፤ በማግሥቱም ያው 22። ያ ማለት 559 ሚሊ ሜትር ነው፣ የባር ሦስት አራተኛ ገደማ። ሜርኩሪው ብዙም አልዋሸም፤ ብሩስ ግን ወደ ከፍታ ሲለውጠው ከሁለት ማይል በላይ አደረሰው። የዓባይ ምንጭ ያለው 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ይኸውላችሁ፣ መለወጥ እሱንም አሳስቶታል።

እንግዲህ አየራችን የሳሳ መሆኑ ከ250 ዓመት በፊት ተለክቶ ከተጻፈ፣ ዛሬ ድስትና ፓምፕ የሚያመጣልን ነጋዴ ምነው አልሰማም? ባሩን ወደ ፒኤስአይ፣ ሜርኩሪውን ወደ ፓስካል መለወጡን ለእኔ ተዉልኝ፤ ተክኜበታለሁ። የባሕር ወለሉን ወደ እንጅባራና ወደ ዳንግላ የሚለውጥ አንድ መስመር ጽሑፍ ግን ከዕቃው ጋር ይምጣልን። ይህም ከበዛ፣ እንግዲያው ዋጋውንም እንደ አየራችን ሦስት አራተኛ አድርጉት።