ሁሉንም «5» ብዬ ፈርሜ ወጥቻለሁ

ቁጥር፦ ከ1 እስከ 5 ካሉት አንዱን ይምረጡ
ለተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ የታሪክና ቅርስ አስተዳደር ትምህርት ክፍል
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ የተመራቂዎች አስተያየት እንደማንኛውም የታሪክ ምንጭ እንዲመረመር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ መምህሮቼ፣

እኔ ያለሁት ሮቢት፣ ራያ ቆቦ ነው። ዲግሪዬ ሥራ ባያገኝልኝም እጅ ጽሑፌ አግኝቶልኛል፤ በመስኖ የደረሰ ሽንኩርት ለሚያስጭን ነጋዴ የማን ስንት ኩንታል እንደሆነ እመዘግባለሁ። ከተሳሳትኩ ገበሬው እዚያው ፊቴ ላይ ይነግረኛል። መጠይቅ አያስፈልገውም፤ ምሬቱ ይበቃዋል።

ዘንድሮም የተመራቂዎችን አስተያየት ሰብስባችሁ የተማሪው እርካታ «በጣም ከፍተኛ» ሆኖ መገኘቱን ሰማሁ። እንኳን ደስ ያላችሁ! ከረኩት አንዱ ሆኜ የወጣሁ ነኝና ስለ ምንጩ ጥቂት ላስረዳ።

አንደኛ ዓመት ላይ ያስተማራችሁኝን አልረሳሁም። ሰነድ ቢመጣላችሁ ቶሎ አትመኑት፤ ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ለማን፣ ምን ፈርቶ፣ ምን ፈልጎ ብላችሁ ጠይቁ አላችሁን። የንጉሥ ዜና መዋዕል ስታነቡ ጸሐፊው እንጀራውን ከማን ቤት እንደሚበላ እወቁ አላችሁን። እንግዲህ እንደተማርኩት ልመልስ።

ማን ጻፈው? ፍራሽ ተሸክሞ ለማስረከብ ተራ የሚጠብቅ ልጅ። መቼ? በክሊራንስ ዕለት፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ፊርማ በኋላ፣ ከምግብ ቤቱ ፊርማ በፊት። ለማን? ወረቀቱን ተቀብሎ ለሚፈርምለት ሰው። ምን ፈርቶ? ፊርማው እንዳይቀርበት። ምን ፈልጎ? ለምረቃው የመጡት ዘመዶቹ የያዙት መኪና ጥሎት ሳይሄድ መድረስ። ሁለተኛ ዓመት ላይ እንዲህ ያለ ሰነድ ሳይመረመር የጠቀሰ ተማሪ ስንት ነጥብ ይቀነስበት እንደነበር እናንተው ታውቃላችሁ።

ለአብነት የመጠይቁን ቁጥር 7 እንውሰድ፦ «የቤተ መጻሕፍቱ ማጣቀሻዎች በዓይነትም በብዛትም በቂ ናቸው።» እኔ 5፣ «በጣም እስማማለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌያለሁ። እውነቱን ለመናገር ዋና ዋናዎቹን መጻሕፍት ያነበብኳቸው በቴሌግራም በተላኩ የስልክ ፎቶዎች ነው። ገጹ ይጣመማል፤ የግርጌ ማስታወሻውን ደግሞ ሁልጊዜ የፎቶ አንሺው አውራ ጣት ይሸፍነዋል። ስለ ምንጭ አጠቃቀም ሦስት ዓመት ስማር ምንጩ የተጻፈበትን ቦታ ያየሁት በጣት ጥላ ውስጥ ነው። ቅርስ አስተዳደሩም እንዲሁ፤ ያስተዳደርነው ቅርስ ሁሉ ስላይድ ላይ የቆመ ነበር። እሱንም 5 ሰጥቼዋለሁ። መጨረሻ ላይ «ሌላ አስተያየት ካለ» የሚል መስመር አለ። መስመሩ አንድ ነው፤ እሱም ግማሽ ነው።

ችግራችሁ አይገባኝም ማለቴ አይደለም። መንግሥት 70 በመቶውን ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲያዘምት እናንተ በቀረው 30 በመቶ ጥግ ከሌሎች ጋር ተጣብባችሁ ቆያችሁ። ግን እኛ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና እንፈተናለን፤ 50 ያላመጣ ዲግሪውን አይዝም። የእናንተን መጠይቅ የወደቀ ትምህርት ክፍል ግን እስካሁን ተሰምቶ አያውቅም። የጥያቄው አውጪም፣ አራሚውም፣ ውጤት ነጋሪውም እናንተው ናችሁና።

እውነተኛው አስተያየታችን የት እንዳለ ልንገራችሁ? ከቢሯችሁ ቁም ሣጥን ላይ፣ አቧራ ለብሶ፣ በጠመዝማዛ ሽቦ ተጠርዞ። የመመረቂያ ጽሑፋችን ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ክፍል ተማሪዎች አገር ቤት ወርደው ከሽማግሌ አፍ ሰምተው የጻፏቸውን መመረቂያዎች የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አስቀምጧቸዋል፤ እንደ ባሕሩ ዘውዴ ያሉ የታሪክ ሊቃውንትም በምንጭነት ተጠቅመውባቸዋል። የተማሪ ወረቀት ሲነበብ መጽሐፍ ይወጣዋል ማለት ነው።

እኔም የጻፍኩት ስለ 1965 እና 66ቱ ረሃብ ነበር፤ እዚሁ ራያ ቆቦ፣ ያዩትን በማነጋገር። አንድ አባት የመቅጃ ስልኬን አይተው «አንተ ደግሞ ስንተኛው ነህ ልጄ? በፊት የመጡትም እንዲሁ ቀድተው ሄዱ። ምን ብለው እንደጻፉ ተመልሶ ያነበበልኝ ግን የለም» አሉኝ። ይህን በመደምደሚያዬ ላይ ጻፍኩት። አማካሪዬ ከጎኑ «ፎንቱን አስተካክል» ብለው መለሱልኝ። አስተካከልኩ፤ 12 አደረግሁት።

በዚያው በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን እዚሁ ወሎ ድረስ መጥተው የተራበውን ሕዝብ ፎቶግራፍ አንስተው ግቢያቸው ውስጥ አሳይተዋል። መንግሥት እንዳይሰማ የፈለገውን ነገር ግቢው ሰማ፤ ተማሪውም ዝም አላለም። ያን ጊዜ ከወሎ የመጣው ድምፅ በአምስት ነጥብ መለኪያ ተጠቃሎ «አጥጋቢ» ቢባል ኖሮ ዛሬ ምን ታስተምሩን ነበር?

ስለዚህ ትእዛዝ ሳይሆን ልመና አለኝ። መጠይቁን ከክሊራንሱ ፍቱት፤ ፊርማ የሚጠብቅ ሰው አይሞግትም። ሁለተኛ ዓመት ላይም ጠይቁን፣ መልሱ ራሳችንን እንዲጠቅመን። ከተመረቅን ሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ደውሉልን፤ ያን ጊዜ የትኛው ትምህርት እንደበጀንና የትኛው እንደሸክም እንደቀረ በደንብ እናውቃለን። መልሱን በአማካይ አትቅበሩት፤ በሰሌዳችሁ ላይ «ይህን አሉን፣ ይህን አደረግን፣ ይህን አልቻልንም» ብላችሁ ለጥፉት። «አልቻልንም» የሚለው ዓምድ ቢረዝም አንቀየማችሁም፤ ባዶ ቢሆን ነው የምንጠራጠረው። ጽሑፎቻችንንም ወደተጠኑበት ወረዳ አንድ አንድ ቅጂ ላኩ። የሚያነብላቸው ካጡ እኔ ሮቢት አለሁ፤ ሽንኩርት በሌለበት ቀን በነፃ አነባለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
በጣም የረካው ተመራቂያችሁ

ግልባጭ፦
ለጥራት ማረጋገጫ ክፍል፣ በሪፖርቱ አባሪነት እንዲያያዝ፤
ለሬጅስትራር፣ የተፈረመልኝ ክሊራንስ ወደ ኋላ እንዳይነሣ፤
ለመጪው ዓመት ተመራቂዎች፣ የመጠይቁ ጀርባ ሙሉ ገጽ ባዶ መሆኑን እንድታውቁት።