የእስስቷ ቀለብ

አስኮ ውስጥ፣ ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ የባሕር ዛፍ ጥግ፣ ርግቦችና የጓሮ እንስሳት እድር ነበራቸው። ሊቀመንበሩ ጋሼ አውራ ዶሮ፣ ገንዘብ ያዧ እመት ሽለምጥማጥ። (ሽለምጥማጥን ማን መረጣት አትበሉኝ፤ መዝገብ አያያዟ ግን አይታማም።)

አንድ ዓመት ከአራት ኪሎ የመጣች አሮጊት ርግብ ስብሰባ ላይ ተነሳች። «አባ ፒየር ጉዋን በ1950 ዓ.ም. የምድርን ማግኔት መለካት የጀመሩበት ግቢ ነው ያደግሁት» አለች። «እኩለ ቀን ላይ ከራሳችን በላይ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ግድም ከፍ ብሎ፣ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል። ፀሐይ ስትቆጣ እሱም ይታወካል፤ እኛ መንገድ ይጠፋናል። መጋቢት 1981 ካናዳ ኩቤክ ውስጥ 6 ሚሊዮን ሰው ለ9 ሰዓት መብራት ያጣው በዚሁ ቁጣ ነው። ጠባቂ እንቅጠር።»

ጋሼ አውራ ዶሮ ደረቱን ነፋ። «በየማለዳው የምቀሰቅሳት እኔ! ቢያማት አትነግረኝም?»

ቢሆንም እትዬ እስስት በወር አንድ ጣሳ ምስጥ ተቀጠረች። ዓይኖቿ ለየብቻ ይዞራሉ፤ አንዱን ለሰማይ፣ አንዱን ለምድር ሰጠች። ፀሐይን ግን በቀጥታ አታይም። ከቁራሌው ጆንያ የወደቀ ባለ አንድ ዓይን መነጽር አጋድማ ብርሃኑን ነጭ ማዳበሪያ ላይ ታሳርፋለች። ሳንቲም በምታክለው ክብ ላይ ጥቁር አዝሙድ የመሰሉ ነጥቦች ቀን በቀን ፈቀቅ ይላሉ። ከአጠገቧ ማግኔት የታሸ መርፌ በክር ተንጠልጥሏል።

መጀመሪያ ያስጠነቀቀች ጊዜ ርግቦች ሁለት ቀን ጾማቸውን ቤት ዋሉ። ምንም አልመጣም።

«ዋሸሽ» አሏት።

«ከፀሐይ የተወረወረው ደመና ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይጓዛል» አለች። «የራሱን ማግኔት ይዞ ነው የሚመጣው። ወደ ደቡብ ከዞረ ይመታናል፤ ወደ ሰሜን ከሆነ በአብዛኛው ገፋ አድርጎን ያልፋል። የትኛው እንደሆነ ሰዎችም የሚያውቁት 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀው ከቆሙ መንኮራኩሮቻቸው ነው፤ ያኔ ለመድረስ አንድ ሰዓት አይቀረውም።»

«ድሮስ ቀለሟን የምትለዋውጥ!» አለ አንዱ። ቀለቧ በግማሽ ተቆረጠ።

ግንቦት 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ነጥቦቹ ተያይዘው ሰፊ ጥላ ሆኑ። «ከነገ ማታ ጀምሮ ማንም ርቆ እንዳይበር» አለች። እኩሌቶቹ ሰሟት። 12 ርግቦች ግን ቅዳሜ ማለዳ ወደ ሆለታ ወፍጮ ቤቶች በረሩ። እትዬ እስስት መርፌው በጥቂቱ ሲንቀጠቀጥ አየች፤ ብትጮህ ማን ሊሰማት።

የወሩ ስብሰባ ደረሰ። «ቤታችን ተቀመጥን» አሉ የቀሩት፤ «ምን ደረሰብን? ምንም! ይህቺ ሴትዮ በከንቱ ነው የምትቀለበው።» እጅ ወጣ፤ አንድም ተቃዋሚ አልነበረም። አሮጊቷ ርግብ እንኳ ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ነው ከእንቅልፏ የነቃችው።

በዚያ ወር ፊቷ ወዝ የጠገበው እመት ሽለምጥማጥ መዝገቡን ገለጠች። አስራ ሁለቱ ያለፈቃድ ከስብሰባ በመቅረታቸው በየስማቸው ትይዩ ቅጣት ጻፈችባቸው።