በሴት ልጅ ላለመሸነፍ የሚረዱ ምክሮች

ይህ ምክር የተዘጋጀው ልደታ ውስጥ ቼዝ ዘርግተው ለሚውሉ ወንዶች ነው። በኮንዶሚኒየሙ ሕንፃዎች ሥር በርጩማ ስበው ለሚቀመጡ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሯቸው እስኪደርስ ቡና እየጠጡ ለሚጫወቱ፣ ከሥራ መልስ ባቡሩን ትተው ሰሌዳ ለሚፈልጉ ሁሉ ይጠቅማል። ቆርኪ ደርድረው ዳማ የሚጫወቱትን ግን አይመለከትም። እነሱ ቢሸነፉም አንድ ቆርኪ ጠፍቶብኝ ነው ይላሉ።

ቼዝ ላይ ምክንያት የለም። ዳኛው በደለኝ፣ ሜዳው ጭቃ ነበር፣ ካርታው አልመጣልኝም አይባልም። ለሁለቱም ተጫዋች እኩል ዐሥራ ስድስት ዐሥራ ስድስት ተሰጥቷል፤ የሚታየው ሁሉ ሰሌዳው ላይ ነው። እናም ፊት ለፊትዎ የተቀመጠችው የጎረቤት ልጅ ዝቅ ባለ ድምፅ "ጋሼ፣ ቼክ" ስትል ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁሉ ይሰማል። ሳይመሽ ብሎኩ በሙሉ ያውቃል።

ችግሩን ከምንጩ ለማድረቅ፣ ከዚህ በፊት ተመሳሳይ አደጋ የደረሰባቸውን የዓለም ታላላቅ ወንዶች ልምድ ቀምረናል። በእነሱ ላይ የደረሰችው ሴት ሃንጋሪያዊቷ ዩዲት ፖልጋር ናት። ስለ እሷ የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፤ ልጅቷ ከቤት እንዳትወጣ ይደረግ።

ይህ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅ ዘዴ ነው። ከቤት ያልወጣች ልጅ ጎረቤት አታሸንፍም። አንዳንድ እንከን ግን አለው። ቡዳፔስት ውስጥ ላስሎ ፖልጋር የሚባል አባት ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሩት፤ ዡዣ፣ ዦፊያ፣ እና በሐምሌ 1976 የተወለደችው የመጨረሻዋ ዩዲት። ሰውየው ሊቅ ይሠራል እንጂ አይወለድም የሚል እምነት ነበረውና፣ ከመንግሥት ሹማምንት ጋር ተሟግቶ ልጆቹን ትምህርት ቤት ከመላክ ይልቅ ቤት አስቀመጣቸው። ቤት ውስጥ ግን ሽንኩርት አላስከተፋቸውም። ቼዝ አስጠናቸው። ዡዣ በ1996 የሴቶች የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ዦፊያ በ14 ዓመቷ ሮም ላይ ግራንድማስተሮች የተሰለፉበትን ውድድር ከ9 ጨዋታ 8 ተኩል ነጥብ ይዛ ጨረሰችው። ዩዲት ደግሞ በ12 ዓመቷ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ ከ12 ዓመት በታች የወንዶች።

ስለዚህ ልጅቷን ቤት ከማስቀመጥዎ በፊት ቤቱን ይፈትሹ። ሰሌዳ ከተገኘ ትምህርት ቤት መላኩ ይሻላል።

ሁለተኛ፤ ለሴቶች የተለየ ጠረጴዛ ይዘጋጅ።

ጥግ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ጨርቅ ይልበስ፤ አነስ ያለ ዋንጫም ይቀመጥበት። ማንም አግላይ ናችሁ አይልዎትም። እንዲያውም "ለሴቶች ልዩ ትኩረት ተሰጥቷል" ተብሎ ሪፖርት ውስጥ ይገባል።

ይህም ተሞክሯል። በ1988 ተሰሎንቄ በተካሄደው የሴቶች የቼዝ ኦሎምፒያድ ሦስቱ እህትማማቾችና ኢልዲኮ ማድል ለሃንጋሪ ተሰለፉ። የሶቭየት ኅብረት ሴቶች በቀረቡበት ሁሉ ወርቁን እንደ ደመወዝ ሲቀበሉ የኖሩበት መድረክ ነበር። ሃንጋሪዎቹ ወሰዱባቸው። ዩዲት ከ13 ጨዋታ 12 ተኩል ነጥብ ሰበሰበች፤ ከአንዷ አቻ በቀር የገጠማትን ሁሉ አሸነፈች ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ኖቪ ሳድ ላይ ወርቁን ደገሙትና ዩዲት የጥጉን ጠረጴዛ ለቀቀች። የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ላይ አንድም ቀን አልተወዳደረችም። በ1991 ወንዶች የሚጫወቱበትን የሃንጋሪ ብሔራዊ ሻምፒዮና አሸነፈች፤ በ15 ዓመት ከ4 ወሯም ግራንድማስተር ሆነች። ቦቢ ፊሸር በ1958 ያስመዘገበው የዕድሜ ክብረ ወሰን በዚያው ተሰበረ።

ከ1989 መጀመሪያ አንሥቶ ጨዋታ እስካቆመችበት እስከ 2014 ድረስ በዓለም የደረጃ ዝርዝር ከሴቶች አንደኛ ነበረች። ሩብ ምዕተ ዓመት! ሆኖም ወንዱም ሴቱም በአንድነት የሚሰለፉበት ሌላ ዝርዝር አለ። እዚያም ላይ እስከ 8ኛ ደርሳለች። ጠረጴዛው ቢለይም ዝርዝሩ አንድ መሆኑን አዘጋጆች ልብ ሊሉት ይገባል።

ሦስተኛ፤ ይታገሡ፤ ታገባለች፣ ትወልዳለች፣ ትተወዋለች።

ትዕግሥት መራራ ናት፣ ፍሬዋ ግን ጣፋጭ ነው ይባላል። የዓለም ወንዶችም ታግሠዋል። ዩዲት በ2000 አንድ የእንስሳት ሐኪም አገባች። በ2004 ወንድ ልጅ ወለደች፤ ከሰሌዳውም ራቅ አለች። በ2005 ተመለሰች። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የደረጃ ነጥቧ 2735 ደረሰ፤ በሕይወቷ ከዚያ በላይ አስመዝግባ አታውቅም። በዚያው ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ አርጀንቲና፣ ሳን ሉዊስ፣ ስምንት ተጫዋቾች ብቻ ለተጠሩበት የዓለም ሻምፒዮና ተቀመጠች። እዚያ መጨረሻ ወጣች። ይህን ለመጽናኛ ሊይዙት ይችላሉ፤ ነገር ግን ከስምንቱ መጨረሻ ለመውጣት መጀመሪያ ከስምንቱ አንዱ መሆን ያስፈልጋል።

አራተኛ፤ የሰጠችዎትን አይብሉ።

ከዚህ ወዲህ ያሉት ምክሮች ሰሌዳው ላይ ለተቀመጠ ሰው ናቸው። ዩዲት ነጭ ስትይዝ አብዛኛውን ጊዜ የንጉሡን ፊት ወታደር ሁለት እርምጃ ገፍታ ትጀምራለች። መንገዱ ወዲያው ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ንብረቷን አትቆጥርም፤ የምትቆጥረው የእርስዎ ንጉሥ ዙሪያ ስንት ጠባቂ እንደ ቀረ ነው።

በ2003 ቡዳፔስት ላይ የአገሯ ልጅ ፈረንትስ በርኬሽ ገጠማት። በርኬሽ ንጉሡን ጥግ አስገብቶ ሦስት ወታደር ከፊቱ አቁሟል። ዩዲት ፈረሷን አምጥታ ደጃፉ ላይ ገተረችው። በርኬሽ የጠርዙን ወታደር አንድ እርምጃ ገፍቶ አስፈራራው። ፈረሱ አልሸሸም። ጳጳሷ ቼክ ብሎ ንጉሡን ወደ ማዕዘኑ ገፋና ወደ መሐል ተመለሰ፤ ፈረሱ አሁንም እዚያው ቆሟል። በርኬሽ በላው። ማንስ ቢሆን መቼ ይተወዋል? ያን ጊዜ የዩዲት የጎን ወታደሮች ተነሡ። ለካ ፈረሱ የተሠዋው የበርኬሽን የጠርዝ ወታደር ከመስመሩ ለማስነሣት ኖሯል። መስመሩ ተከፈተ። ግንቧ ማንም ሳይጠብቀው ሰተት ብሎ ንጉሡ አፍንጫ ሥር ገባና ቼክ አለ። ንጉሡ እሱንም በላ። ንግሥቷ ተከትላ መጣች፤ ሁለተኛው ግንብ ከኋላዋ ቆመ። በርኬሽ ከማት ለመትረፍ ንግሥቱን ከፍሎ በ24ኛው እርምጃ እጁን ሰጠ።

እንግዲህ ልጅቷ ፈረስ ጥላልዎት ዝም ስትል "ረስታው ነው" ብለው አይቸኩሉ። ሰው ሲያጎርስዎ እጁን አይተው እንደሚጎርሱት፣ እዚህም ጣቷ ወዴት እንደሚያመራ አይተው ይጉረሱ። ባይበሉም ግን ፈረሱ ደጅዎ ላይ እንደ ቆመ ነው፤ ለዚህ የሚሆን ምክር አላዘጋጀንም።

አምስተኛ፤ ንግሥቶቹን ቶሎ ይለዋወጡ።

አጥቂ ያለ ንግሥት ምን ታመጣለች? ይህን ያሰበው ተራ ሰው አይደለም፤ ጋሪ ካስፓሮቭ ነው። ሴቶች በተፈጥሯቸው ለእንዲህ ያለ ፍልሚያ አልተሠሩም የሚል አስተያየት በአደባባይ ሲሰጥ የኖረው የዓለም አንደኛ። መስከረም 9 ቀን 2002 ሩሲያ ከተቀረው ዓለም ጋር ሞስኮ ላይ በገጠመችበት የፈጣን ጨዋታ ውድድር ዩዲት ደረሰችው። እሱም የበርሊን መከላከያ የሚባለውን መረጠ። ከሁለት ዓመት በፊት ሩሲያዊው ክራምኒክ ለንደን ላይ የዓለም ሻምፒዮንነት ዘውዱን ሲነጥቀው፣ ካስፓሮቭ ራሱ ደጋግሞ ሞክሮ ሊያፈርሰው ያልቻለው አጥር ነው። በስምንተኛው እርምጃ ንግሥቶቹ ወጡ። ሁሉም ነገር እንደ ታቀደው ሄደ። የካስፓሮቭ ንጉሥ ግን መሐል ሜዳ ቀርቶ ነበርና የዩዲት ግንቦች እዚያው አዋከቡት። ሁለት ወታደር ጎድሎት በ42ኛው እርምጃ ተሸነፈ። በኋላ ዘመን አስተያየቱን አለዝቧል።

ንግሥቶቹን ከተለዋወጡ በኋላ ወንበርዎን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርገው ሻይ አይዘዙ።

ስድስተኛ፤ ካሜራ በሌለበት ይጫወቱ።

የነካ ያንቀሳቅሳል፤ የለቀቀ አይመልስም። ሕጉ ይህ ነው። በ1994 ስፔን ውስጥ ሊናሬስ ላይ ካስፓሮቭ ፈረሱን አንድ ቦታ አሳርፎ ጣቶቹን ለቅጽበት ካነሣ በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ሌላ ቦታ አስቀመጠው። ዩዲት 17 ዓመቷ ነበር፤ በሰዓቱ ለዳኛ አላመለከተችም። ጨዋታውን እሱ አሸነፈ። የቴሌቪዥን ካሜራ ግን ጣቶቹ ከፈረሱ ላይ መነሣታቸውን ቀርጾት ነበር፤ ታሪኩ እስከ ዛሬ ይነሣል። ልደታ ውስጥ ካሜራ የለም ብለው አይጽናኑ። ከኋላዎ የቆሙት ሰዎች ሁሉ ስልክ ይዘዋል።

ተመልካቹን ዝም ማሰኘትም አይሞከር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ገዥው ራስ ወልደ ሥላሴ የአገራችንን የጥንት ቼዝ፣ ሰንጠረዥን፣ ሲጫወቱ አይቷል፤ ዙሪያውን የተቀመጠው ሰው ሁሉ ያለ ማዕረግ ልዩነት ምክር ይሰጥ እንደ ነበር ጽፏል። ራስ ወልደ ሥላሴ ዝም ያላሰኙትን ሰው እርስዎ አያሰኙትም።

ሰባተኛ፤ "ባህላችን አይደለም" ይበሉ።

ሌላው ሁሉ ሲያልቅ ይህ አለ። ሰንጠረዣችንን ይጥቀሱ። የዘመኑ ቼዝ ንግሥት በምትቆምበት ቦታ ሰንጠረዥ ላይ የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንድ እርምጃ ብቻ ይሄዳል፤ ለክርክርዎ የሚመች ማስረጃ ነው። እዚህ ላይ ያቁሙ። ቀጥለው ከተናገሩ፣ በሰንጠረዥ የመጀመሪያው መበላላት እስኪደርስ ድረስ ተራ ጥበቃ እንደሌለ፣ ሁለቱም ተጫዋቾች እንዳሻቸው እንደሚያንቀሳቅሱና ይህም ወረራ እንደሚባል ማስረዳት ይኖርብዎታል። በእግዚአብሔር ስም፣ ያቺን ልጅ ተራ መጠበቅ የለም አይበሏት!

ደግሞም ሰንጠረዥ ይጫወቱ ከነበሩት ባለታሪኮች አንዷ እቴጌ ጣይቱ ብጡል መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። በ1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ የጣልያን ጦር እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ ተቀምጦ፣ ፊት ለፊት የሄደው ሠራዊት እያለቀ ሲመለስ፣ የውሃውን ምንጭ ወታደሮቻቸው እንዲይዙት ያደረጉት እቴጌይቱ ናቸው። ምሽጉ ሳይፈርስ ተለቀቀ። ንጉሡን ሳይነኩ መላወሻ ማሳጣት የምንለው ይህንን ነው። ባህል ያሉ እንደሆነ ባህሉ ይኸው።

ስምንተኛ፤ ይጫወቱ።

ሰባቱም ምክሮች በተግባር ተፈትነው አንዳቸውም እንዳልሠሩ ስለ ተረጋገጠ የቀረው ይህ ብቻ ነው። ንጉሥዎን ቶሎ ጥግ ያስገቡ። ፈረስና ጳጳስዎን ሳያወጡ ወታደር ለቀማ አይሂዱ። ከተሸነፉም ራሴን አሞኝ ነበር አይበሉ፤ ሰሌዳውን መልሰው ደርድረው "የቱ ጋ ነው የተበላሸብኝ?" ብለው ይጠይቋት። ታሳይዎታለች፤ ልጆች ማሳየት ይወዳሉ።

ደግሞም ብቻዎን አይደሉም። የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ቦሪስ ስፓስኪ በ1993 ቡዳፔስት ላይ በ16 ዓመቷ ዩዲት 5 ተኩል ለ4 ተኩል ተረቷል። ስሚስሎቭ፣ ካርፖቭ፣ አናንድ፣ ክራምኒክ፣ ካርልሰን በአንድ ወይም በሌላ ጨዋታ እጃቸውን ሰጥተዋታል። የዓለም ሻምፒዮን ከነበሩ ወይም ከሆኑ ወንዶች 11 አሸንፋለች። አንዳቸውም ከሰፈራቸው አልተሰደዱም። ሃንጋሪዎች እንዲያውም በ2014 ትሮምሶ ላይ በዋናው ኦሎምፒያድ አብራቸው ተሰልፋ ብር ካመጡ በኋላ፣ ጨዋታ ስታቆም በ2015 የወንዶቹ ብሔራዊ ቡድን አለቃ አደረጓት።

ስለዚህ የሰፈር ውድድር ሲያዘጋጁ አንድ ዝርዝር፣ አንድ ዋንጫ ይበቃል። ሴት ልጅ ካለችዎትም ዛሬውኑ ሰሌዳ ይግዙላት። መሸነፍዎ ካልቀረ በራስዎ ልጅ ቢሸነፉ ይሻላል፤ ወሬው ከቤት አይወጣም።